የቀለም አጥርና የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ

ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሁሉ መጽሐፍ የለውም ማለት አይደለም። አባቶቻችን ይህን አስቀድመው ስላወቁ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ መጽሐፍ አደረጉት፤ ገበሬውም፥ ባልቴቲቱም፥ ሕፃኑም ዳዊት መድገም ሳይችሉ የሃይማኖታቸውን ታሪክ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ እያዩ ተማሩት። ሠዓሊዎቻችንም ለዚህ ትምህርት የሚረዳ አንድ ሥርዐት ነበራቸው፤ ይኸውም ጻድቁን በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት፥ ዐመፀኛውን ግን በአንድ ዐይኑ ከጐን መሣል ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ማንም ሳይነግረው በምሴተ ሐሙስ ማዕድ ከተቀመጡት መካከል ይሁዳ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ያውቃል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በአሜሪቃ ለትንንሽ ልጆች ስለሚታተሙት፥ የነጭና የጥቁር መለያየትን ታሪክ በሥዕል ስለሚናገሩት መጻሕፍት ጥቂት ቃል ለመናገር ስላሰብሁ፥ ሕፃናትን በሥዕል ማስተማር ለእኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑን አስቀድሜ ማስታወስ ፈለግሁ። በዚህ ጽሑፍ የባሕር ማዶውን ታሪክ የምቈጥረው እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

እኔ በጎጃም ቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በአሜሪቃ በሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል እያገለገልሁ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ፊደልና የዘወትር ጸሎት አስተምራለሁ። የእንግሊዝኛን ቋንቋ ያገኘሁት ከጐለመስሁ በኋላ ስለ ሆነ ትልልቁን መጽሐፍ ለማንበብ እቸገራለሁ፤ ለሕፃናት የተጻፈው ግን ቃሉ ጥቂት፥ ሥዕሉ ብዙ ስለ ሆነ እንደ እኔ ላለው ተማሪ የተመቸ ነው። ከተማሪዎቼም አንዲቱ፥ የስድስት ዓመት ልጅ፥ ከትምህርት ቤቷ የተዋሰችውን አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዛ መጣችና ገልጣ አሳየችኝ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ልጅ በትልልቅ ሰዎች ተከባ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ብዙ ሕዝብም ይጮኽባታል። ልጅቱም፦ «የኔታ፥ እኔ ያን ጊዜ ብኖር ኖሮ በየትኛው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህንኑ ጥያቄ አባቷም ሰምቶ ነበርና ልጆቹ ከወጡ በኋላ ቀረብ ብሎ፦ «የኔታ፥ እኛ በሰንሰለት ታስረን ወደዚህ አገር አልመጣንም፤ ይህ ታሪክ የእኛ አይደለም። ደግሞም ልጄ ገና ሕፃን ናት። ስለምን ከአሁኑ በልቧ ኀዘንና ቂም ይዘሩባታል? እባክዎ መጽሐፉን ለአስተማሪዋ እንድትመልስ ይምከሩልኝ» አለኝ። ይህ ሰው ልጁን ለማስተማር ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፥ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው። ቃሉም የአባት ፍቅር ያለበት ቃል ስለ ሆነ በችኰላ የሚጣል አይደለም። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ቀን ስጠኝ ብዬ መጽሐፉን ተቀበልሁና ወንድሞቹንም ከቤተ መጻሕፍት ፈልጌ ማንበብ ጀመርሁ።

መጽሐፉ የሩቢ ብሪጅስ ታሪክ ነው። ነገሩን ለማስተዋል ከሥሩ መጀመር ይገባል። በ1896 የአሜሪቃ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሌሲ በተባለ ሰው ነገር ላይ ሲፈርድ፥ ስፍራው እኩል እስከ ሆነ ድረስ ነጭንና ጥቁርን በባቡር ለይቶ ማስቀመጥ ሕግን አይተላለፍም አለ። ከዚህም በኋላ በደቡቡ ክፍል ትምህርት ቤቱ፥ ባቡሩ፥ ሆስፒታሉ፥ የውሃ መጠጫው፥ መቃብሩም ሳይቀር ተለየ። እኩል የተባለው ግን ከቶ እኩል አልነበረም። ከ58 ዓመት በኋላ፥ ሜይ 17 ቀን 1954፥ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኞቹ ሁሉ አንድ ቃል የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ይሁን እንጂ ፍርድ በወረቀት ላይ መጻፉና ፍርድ በደጅ መግባቱ ልዩ ልዩ ነገር ነው። በዚያው በ1954 የተወለደችው ሩቢ ስድስት ዓመት ሲሞላት በኒው ኦርሊያንስ ከተማ ፍርዱ ገና በደጅ ቆሞ ነበረ።

ኖቬምበር 14 ቀን 1960 ሩቢ ዊልያም ፍራንዝ ወደሚባለው፥ እስከዚያች ቀን ድረስ ነጮች ብቻ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ገባች። በዚያው ቀን ሦስት ሌሎች ጥቁር ሴቶች ልጆች በዚያው ከተማ ወዳለ ወደ ሌላ የነጮች ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሩቢን የማዕከላዊው መንግሥት አራት የፍርድ ቤት ዘበኞች አጅበው ወሰዷት። በመንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ይሰድባት ነበር፤ አንዲቱ ሴት በመርዝ እገድልሻለሁ እያለች ስለ ዛተች፥ ልጅቱ ከቤቷ ካመጣችው ምግብ በቀር እንዳትበላ ተደረገ። ነጮቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ አወጡ። ባርባራ ሄንሪ የምትባል ከቦስተን የመጣች አንዲት ነጭ አስተማሪ ብቻ ልታስተምራት ፈቀደችና አንዲቱ አስተማሪ አንዲቱን ተማሪ በባዶ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አስተማረቻት። የሩቢ አባት ከሥራው ተባረረ፤ አያቶቿም በእርሻ ከኖሩበት መሬት ተነሡ። በዚያ ወራት ልጅቱን ይጐበኛት የነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ኮልስ ይህን ታሪክ በ1995 በሕፃናት መጽሐፍ ጻፈው፤ ሥዕሉን የሠራው ጆርጅ ፎርድ ነው። መጽሐፉ ሩቢ ስለሚሰድቧት ሰዎች ትጸልይ እንደ ነበር ይናገራል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የልጅቱ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የሚጮኹትን ሰዎች በጣቷ እያሳየች፦ «እነዚህ የማን እናቶች ናቸው?» አለችኝ። በእኛ ግድግዳ ላይ ቢሆን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም ነበር፤ ክፉው በአንድ ዐይኑ ይታወቃልና። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን የሚሳደቡትም ሁለት ዐይን ያላቸው፥ ልጅ የወለዱና ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። ሕፃኒቱም ያልገባት ነገር ይህ ነበረ፤ እናት ሆና ሳለች ስለምን በልጅ ላይ ትጮኻለች? እኔ እንደሚመስለኝ፥ በቀለም ስለ መለያየት የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። የአባቶቻችን የሥዕል ሥርዐት ክፋትን እንድንጠላ ያስተምረናል፤ ይህኛው ደግሞ ክፋት እንደ እኛ ባለ ሰው ቤት ገብቶ ሊቀመጥ እንደሚችል ያስተምራል። ለሰው ልጅ ሁለቱም ትምህርት ያስፈልጉታል።

ኖርማን ሮክዌል የተባለውም የታወቀ ሠዓሊ በ1964 ይህችኑ ልጅ ሲሥል የሚጮኸውን ሕዝብ ከሥዕሉ አወጣው። ነጭ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ ራሳቸው በማይታይ በአራት ሰዎች መካከል ትሄዳለች፤ ከኋላዋ ባለው ግድግዳ ላይ ስድብ ተጽፎበታል፥ የተወረወረ ቲማቲምም ፈሶበታል። ሕዝቡ የት አለ ብሎ የጠየቀ ተመልካች ራሱን ሕዝቡ በቆመበት ስፍራ ቆሞ ያገኘዋል።

ሌሎቹም መጻሕፍት እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ያስተምራሉ። ዣክሊን ዉድሰን በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ አንዲት ጥቁርና አንዲት ነጭ ልጅ ከተማውን በከፈለው አጥር ወዲህና ወዲያ ይኖራሉ። እናቶቻቸው አጥሩን እንዳይሻገሩ ከልክለዋቸዋል፤ በአጥሩ ላይ መቀመጥን ግን ማንም አልከለከለምና ልጆቹ ሁለቱም ከላይ ወጥተው አብረው ተቀመጡ። ኢ. ቢ. ሉዊስ የሣለው ይህ መጽሐፍ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ሕግ አንዳች አይናገርም፤ ነገር ግን አጥሩን ያየ ሕፃን ማን ሠራው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ2010 የታተመው የካልቪን ራምሴ መጽሐፍ ደግሞ ሩት የምትባል ልጅ ከወላጆቿ ጋር ከቺካጎ ወደ አላባማ ወደ አያቷ ስትሄድ የደረሰባትን ይተርካል። ሆቴሉ አያሳድራቸውም፤ የነዳጅ ማደያው መጸዳጃ አይፈቀድላቸውም። በመጨረሻ ጥቁር መንገደኛን የሚቀበሉ ቤቶች የተመዘገቡበት «አረንጓዴው መጽሐፍ» ደረሰላቸው። ይህ መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም፤ ቪክቶር ግሪን የሚባል የኒው ዮርክ የፖስታ አዳይ ከ1936 ጀምሮ ያሳትመው የነበረ የመንገደኛ መምሪያ ነው። ዱንካን ቶናቲው በ2014 ጽፎ የሣለው መጽሐፍም መለየት በጥቁር ላይ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል፤ በካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑት የሜንዴዝ ቤተሰቦች ልጆቻቸው በትውልዳቸው ምክንያት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስለ ተላኩባቸው ከሰው በ1947 ረቱ። ይህም ከ1954ቱ ፍርድ ሰባት ዓመት ይቀድማል።

እንግዲህ ወደ አባትየው ቃል እንመለስ። የመጀመሪያው ክርክሩ ልጅቱ ሕፃን ናት የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሌሎችም ብዙ ናቸው፤ በ2021 በቴነሲ ክፍለ ግዛት በዊልያምሰን አውራጃ የተሰበሰቡ ወላጆች ሩቢ ብሪጅስ ራሷ ለሕፃናት የጻፈችውን መጽሐፍ እንኳ ለልጆቻችን አይገባም ብለው አቤቱታ አቅርበው ነበር። ነገር ግን ሕፃን እኛ ስላልነገርነው ብቻ ሳያውቅ ይቀራልን? ኬኔት ክላርክና ሚስቱ ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን 253 ጥቁር ሕፃናት በአሻንጉሊት መርምረው ነበር። አሻንጉሊቶቹ ከቀለማቸው በቀር በምንም አይለያዩም። የሚበዙት ሕፃናት ነጩን አሻንጉሊት መልካም፥ ጥቁሩን ክፉ አሉት፤ አንተን የሚመስለው የትኛው ነው ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ያለቀሱም ነበሩ። ይህን ማንም መምህር በሰሌዳ ጽፎ አላስተማራቸውም። ከመንገዱ፥ ከሱቁ፥ ከትልልቆቹ ዐይን ተማሩት። የ1954ቱም ፍርድ የእነዚህን ሊቃውንት ሥራ ጠቅሶታል። ስለዚህ ዝምታ ልጅን ከዚህ ነገር አያድነውም፤ ነገሩን ብቻውን እንዲሸከመው ያደርገዋል እንጂ።

መጻሕፍትም ዝም ሲሉ ያስተምራሉ። ናንሲ ላሪክ የተባለች አሜሪቃዊት በ1965 ባወጣችው ጽሑፍ በሦስት ዓመት ውስጥ የታተሙትን 5,206 የሕፃናት መጻሕፍት ቈጥራ አንድ ጥቁር ሰው እንኳ የሚታይባቸው 349 ብቻ መሆናቸውን ገለጠች። በዚያ ዘመን ያደገ ጥቁር ሕፃን መጽሐፍ በገለጠ ቍጥር ራሱን ያጣ ነበር። መለያየትን የሚወዱትም ሰዎች የሥዕልን ኀይል ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር። ጋርት ዊልያምስ በ1958 አንድ ጥቁርና አንዲት ነጭ ጥንቸል ሲጋቡ የሚያሳይ የሕፃናት መጽሐፍ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በአላባማ ይህ መጽሐፍ የነጭንና የጥቁርን ጋብቻ ይሰብካል ተብሎ ታላቅ ጩኸት ተነሣበት፤ የክፍለ ግዛቱም ቤተ መጻሕፍት ለፈለገ ብቻ ወደሚሰጥበት መደርደሪያ አዛወረው። በጥንቸል ሥዕል የደነገጠ ሕግ መሠረቱ ምን ያህል ደካማ እንደ ነበረ አንባቢ ይመልከት።

ሁለተኛው ክርክር ታሪኩ የእኛ አይደለም የሚል ነው። ለልጅቱ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ለዚህም መልስ ይሆናል። «ከሩቢ ጋር በአንድ ወገን ያስቀምጡሽ ነበር» አልኋት፤ ሕጉ የቆዳን ቀለም እንጂ የአባትን አገር አይጠይቅም ነበርና። በ1961 ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን በመኪና ይጓዙ የነበሩ የአፍሪቃ አምባሳደሮች በሜሪላንድ መንገድ ላይ ባሉት ምግብ ቤቶች አናስተናግድም ተብለዋል፤ የአምባሳደርነት ወረቀት ያላዳነውን ሰው የትውልድ አገር ስም አያድነውም። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና፦ «እንግዲያስ የኔታ፥ አብረውኝ ይመጡ ነበር?» አለችኝ። «እስከ በሩ ድረስ» አልኋት። በዚህም ደስ ብሏት ወደ ፊደሏ ተመለሰች።

በገዛ አገራችንስ ቢሆን ይህን ነገር አላየነውምን? ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን በ1937 ባወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር አዝዞ ነበር። አዲስ አበባንም ለነጭና ለአገሬው ለመክፈል ዐቅዶ በአራዳ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ዛሬ የሁላችንም የሆነው መርካቶ ሲቈረቈር የአገሬው ተወላጅ ከነጩ ተለይቶ እንዲገበያይበት የታሰበ ስፍራ ነበር። ስማችንም በአሜሪቃ ጥቁሮች ታሪክ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። በ1808 በኒው ዮርክ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቀለም ተለይተን አንቀመጥም ብለው የወጡ ምእመናን የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲያቋቁሙ የአቢሲንያ ቤተ ክርስቲያን ብለው ሰየሙት፤ ከእነርሱም ጋር ከእኛ አገር የመጡ መርከበኞችና ነጋዴዎች ነበሩ ተብሎ ይነገራል። እነርሱ በመከራቸው ቀን ስማችንን ከጠሩ፥ እኛ ታሪካቸውን የሌላ ሰው ታሪክ ነው ልንል አይገባንም።

ከዚህም የሚቀርብ ነገር አለ። በየቤታችን ሕፃን ሲወለድ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ አይጠፋም። የቀጥቃጩንና የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ቡዳ ነው ብሎ ከማዕድ መለየት፥ ሰውንም በአያቱ ባርነት መስደብ ከአፋችን ገና አልጠፋም። የሩቢን ታሪክ ለልጁ ያነበበ አባት አንድ ቀን ልጁ ቀና ብሎ «እኛስ?» ቢለው የሚመልሰውን ማሰብ ይኖርበታል። ምናልባትም እነዚህን መጻሕፍት የምንፈራው ልጆቻችንን ያሳዝናሉ ብለን ብቻ ሳይሆን እኛን ይጠይቁናል ብለን ይሆናል።

በሳምንቱ ይህን ሁሉ ለአባትየው ነገርሁት። ወዲያው እሺ አላለኝም፤ ነገር ግን መጽሐፉን ይመለስ ማለቱን ትቶ፦ «እንግዲያውስ እኔው ራሴ አነብላታለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው» አለ። ከዚህ የተሻለ መልስ አልጠበቅሁም።

ለሌሎችም ወላጆችና ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የሚረዳ ቢሆን፥ በማስተማር ያገኘሁትን ላካፍል። መጀመሪያ፥ በቅኔ ቤት መምህሩ ወርቁን አስቀድሞ ለተማሪው አይገልጥለትም፤ ሰሙን ሰጥቶ ይጠብቀዋል። በሥዕሉ ፊትም እንዲሁ ነው። ለሕፃኑ ምን ታያለህ ብሎ መጠየቅና መታገሥ ይገባል፤ ከጠየቀውም አብልጦ መንገር አያስፈልግም። ለስድስት ዓመት ልጅ የተዘጋው በር ይበቃዋል፤ የተሰቀሉትንና የተቃጠሉትን ሰዎች ነገር ዕድሜው ሲደርስ ይሰማዋል።

ሁለተኛ፥ ከበዳዩ ጋር የረዳውን ማሳየት ነው። ባርባራ ሄንሪም ነጭ ናት። ልጁ ጠላቱ የአንድ ሰው ቆዳ ሳይሆን የሰው ልብ የፈጠረው አጥር መሆኑን ይወቅ፤ ያለዚያ አንዱን አጥር አፍርሰን ሌላውን እንሠራለን።

ሦስተኛ፥ ታሪኩን አለማጣፈጥ ነው። ብዙዎቹ የሕፃናት መጻሕፍት በዚህ ይሳናቸዋል። ሮዛ ፓርክስን ደክሟት ስለ ነበረ ብቻ ከአውቶቡስ ወንበሯ ያልተነሣች አሮጊት አድርገው ይተርኩላቸዋል። እርሷ ግን ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በተያዘች ጊዜ የ42 ዓመት ሴት ነበረች፤ በሞንትጎመሪም ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር ጸሓፊ ሆና ለዓመታት አገልግላለች። በዚያው ዓመት በማርች ወር ክሎዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ልጅ እንዲሁ አልነሣም ብላ ታስራለች። ከዚያም የከተማው ጥቁሮች 381 ቀን በአውቶቡስ ሳይሳፈሩ በእግራቸው እየሄዱ፥ በመኪናም እየተረዳዱ ሠሩ፤ ሕጉም በፍርድ ቤት ተሻረ። ልጅ አንድ ቅን ሰው አንድ ቀን ስለ ተቀመጠ ዓለም ተለወጠች ብሎ ካመነ፥ ሲያድግ ዓለም ሳትለወጥለት ሲቀር ተስፋ ይቈርጣል። ብዙ ሰዎች ብዙ ቀን እንደ ተጓዙ ካወቀ ግን ለረጅም መንገድ ጫማውን ያጠብቃል።

አራተኛ፥ ነገሩ አልቋል ብሎ አለመዝጋት ነው። በ1964 የወጣው የአሜሪቃ ሕግ በሆቴልና በምግብ ቤት፥ በሌላውም ለሕዝብ በተከፈተ ስፍራ በቀለም መለየትን ከልክሏል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው፥ ለልጁም ሊነገረው ይገባል። ነገር ግን ሩቢ ብሪጅስ የጥንት ሰው አይደለችም፤ ለአያት የሚበቃ ዕድሜ ያላት ሴት ናት። በእርሷ ላይ የጮኹት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆችም ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ። ይህ የሚያስፈራ ሳይሆን ሥራ የሚሰጥ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚቀረኝ አንድ ምኞት ነው። እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፈዋል፤ እናቶቻችንና አያቶቻችን ከልጆቹ ጋር ሊያነቧቸው አይችሉም። ቅኔ የሚያውቁ፥ ሥዕል የሚችሉ ሊቃውንት ሞልተውናልና፥ ስለ ተዘጋው በር፥ ስለ መርካቶ፥ ስለ ሸክላ ሠሪዋም ልጅ በገዛ ቋንቋችን ለሕፃናት የሚጽፍና የሚሥል ቢነሣ ታላቅ አገልግሎት ያደርጋል። ያ ሠዓሊ በሚሥለው መጽሐፍ ውስጥ ሰዎቹን ሁሉ፥ የሚሰድበውንም የሚሰደበውንም፥ በሁለት ዐይን እንዲሥልልን አደራ እላለሁ፤ ፈራጁ የሚያነበው ሕፃን ይሁን።